ሲደርቅ እንተያይ

ከሶኮቶ ወንዝ ዳር፣ እኛን ሳያዩ በፊት ሽታችን በሚያስተዋውቀን ሰፈር፣
ባባ ጋምቦ ብዙ አይናገርም፣ «ሲደርቅ እንተያይ» ከማለት በቀር።
እኩዮቼ ትምህርት ቤት ገብተው ቀለም ሲቆጥሩ፣
የኔ ቀለም እጄ ላይ ነው፤ እስከ ክርኔ ነው ድንበሩ።
ሌጦው ከገንዳ ሲወጣ እንደ ሮማን ፍሬ ቢያበራ፣
እኔ በደስታ ብጮህ፣ ጎረቤቱን ሁሉ ብጠራ፣
እሱ ቀና እንኳ አይልም።
«እርጥብ ቆዳ ሙሽራ ነው፤ ታኒሙ፣ በሙሽራ አይፈረድም።
ሲደርቅ እንተያይ።»

አንድ ማክሰኞ ሐጂያ ደሉ መጣች፣
ከሻርፗ ጫፍ ቋጠሮ ፈታች፤
ገንዘብ መስሎኝ ዐይኔ ፈጠጠ፤
ጥፍር የሚያህል ሌጦ ነበር፣ ከአባቷ ኮርቻ የተቆረጠ።
«የግራ ጎኑን አይጥ በልቶታል። ይህንን ቀይ ነው የምፈልግ፣
ከዚህ የጠቆረ፣ ከዚህ የፈዘዘ እንዳታደርግ።»

የቀይ ማሽላ አገዳ ቅርፊት ወቀጥን፣
ካንዋ የሚሉትን የሐይቅ ጨው በጥብጠን ጨመርን፣
ውሃው ደም መሰለ፤ ባባ ጋምቦ ጣቱን ነክሮ ላሰ፣
ፊቱን አኮሳተረ፣ ግማሽ ቅል ውሃ ቸለሰ።

የመጀመሪያው ሲደርቅ ጉበት ሆነ፤ ካንዋው ስለበዛ።
ሁለተኛው የሁመር ጭማቂ ጠጥቶ ወጣ፣ እንደ ጡብ ፈዛዛ።
ሦስተኛው ለጥቂት አመለጠን፤
የለውዝ ዘይት ስንቀባው ያልጠራነው ጥቁረት መጣብን።
አራተኛው ላይ አንዲት ጠባሳ፣ ፍየሏ በሕይወት ሳለች
አጥር ስትዘል እሾህ የወጋት፣ ቀለም አልቀበልም አለች።
«ቆዳ አይረሳም» አለ ባባ ጋምቦ፣ ጠባሳዋን ዳብሶ፤
ሌጦውን ለጫማ ሰፊው ላከለት፣ ዋጋውን በግማሽ ቀንሶ።

አምስተኛው!
አምስተኛውን ከገመዱ ሳወርድ፣ ካንዋ በነካው አውራ ጣቴ
ጥጉን ይዤው ኖሮ አሻራዬ ጠቆረ፤ ምላሴን ያዘው ፍርሃቴ።
ባባ ጋምቦ አየ። ቁራጯን ከሌጦው መሐል አኖረ፣
ወደ ጥላ ወሰደው፣ ወደ ፀሐይ መለሰው፣ ሞከረ፤
መልሶ ያገኛት በዐይኑ ሳይሆን በጣቱ ነበረ።
ስለ አሻራው አንዳች አልተናገረ።

ሐጂያ ደሉ ኮርቻውን በአህያ አስጭና መጣች። ዘረጋንበት።
ዝም አልን። አህያዋ ብቻ ጆሮዋን አራገፈችበት።
ለካስ ቁራጯን የወሰደችው ከመታጠቂያው ሥር፣
ፀሐይ ካልገባበት፣ ላብ ካልደረሰበት ጨለማ ነበር።
የቀረው ኮርቻ ሠላሳ ዓመት በአቧራ ታጥቦ፣ በጭን ተፍቆ፣
ሌላ ቀይ ሆኗል፤ ረግቦ፣ ለስልሶ፣ ከራሱ ጋር ታርቆ።

«ያልሺኝን ሰጠሁሽ» ሊላት ይችል ነበር፤ አላለም።
«ያልኩህን አላደረግክም» ልትለው ትችል ነበር፤ እሷም አላለችም።
«ቀዩን እኔ እነክራለሁ» አለ፣ «ቀዩን አውቃለሁ።
ሠላሳ ዓመት ግን ከየትኛው ገንዳ እቀዳለሁ?»
ሳቀች። ከፈለች።
እንደጮኸ ይሁን ብላ አሰፋችው፤ ወሰደች።

ባባ ጋምቦ ካረፈ አራተኛው ረመዳን ሲፈታ፣
የፈረሰኞች ሰልፍ ወጣ፣ በጥሩንባና በእልልታ፤
የሐጂያ ደሉ ልጅ በአያቱ ኮርቻ ላይ፣
እኔ ከመንገዱ ዳር፣ አንገቴን አስግጌ ሥራዬን ላይ።
አዲሱ ከአሮጌው አልለይ አለኝ።
አጠገቤ የቆመውን ሰው ብጠይቀው፣ «አዲስ ምን አለ?» አለኝ።
ግማሽ ልቤ ደስ አለው፤ ግማሹ፣ እውነት ለመናገር፣ ቅር አለው።

ያኔ ፈረሱ ደንብሮ ዞረ፤ ከልጁ ባት በታች፣ በስፌቱ ጥግ
አንዲት ጠቆር ያለች ምልክት አየሁ፣ ማንም ልብ የማይላት፣ ማንም የማይፈልግ።
አውራ ጣቴን በአየር ላይ አነሳሁ፣ አንድ ዐይኔን ጨፍኜ ገጠምኩት፤
ልኬ ነው። ሰልፉ አለፈ። አቧራው እስኪቀመጥ ቆምኩለት።